የትሩፍል ሽታ ያለው የነጭ ሽንኩርት ዳቦ፦ ትሩፍሉ ይቅር፣ ስለ ብልቃጧ ግን እንነጋገር

ሰሞኑን የመልእክት ሳጥኔን የሞላው ጥያቄ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር አይደለም፤ ስለ ዳቦ ነው። በቅቤና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ዳቦ ላይ «ትሩፍል ዘይት» ጠብ የሚደረግበት ቪዲዮ በየስልኩ እየዞረ ነው መሰለኝ። «ዶክተር፣ ይሄ ትሩፍል የሚሉት የት ይገኛል? ለጤናስ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው በዛ።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን ከቁሐር ሚካኤል የተላከልኝ ነው። ለማታውቁት፣ ቁሐር ሚካኤል ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ያለች ቀበሌ ናት። የጻፈችልኝ እህት ወረታ ላይ ትንሽ ቁርስ ቤት አላት፤ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚመላለሰውና ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገደኛ ሻይና ዳቦ የሚቀምስበት ቤት ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ዶክተር፣ ትሩፍሉን አላገኘሁም። ነጭ ሽንኩርት ልጬ ዘይት ውስጥ ዘፈዘፍኩትና በብልቃጥ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ ሽታው ግሩም ሆኗል። ስንት ወር ይቆይልኛል? ለደንበኞቼ ልጀምረው ነው።»

ሌላው ሰው ስለ ትሩፍል ጠየቀኝ። ሆስፒታል የሚያስተኛው ግን የእሷ ጥያቄ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ወዲያው የመለስኩላት ይሄን ነበር፦ «እህቴ፣ ከዚያ ብልቃጥ ለማንም እንዳታቀርቢ። አንቺም አትቅመሺው። ክዳኑን ግጠሚና በፌስታል ጠቅልለሽ ልጅም እንስሳም የማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ጣይው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።» ምክንያቱን በሰፊው እመጣበታለሁ። ዳቦው ራሱ ግን ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም ፎገራ ላይ በደንብ ይሠራል። ከእሱ እንጀምር።

ትሩፍል ምንድነው? ከመሬት በታች የዛፍ ሥር ተጠግቶ የሚያድግ የእንጉዳይ ዘመድ ነው። ጣሊያንና ፈረንሳይ ውስጥ በሰለጠኑ ውሾች እየተፈለገ ይቆፈራል፤ የነጩ ዓይነት አንድ ኪሎ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ሳዑዲና ኩዌት የሠራችሁ እህቶቼ የበረሃውን ዘመዱን ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከአሸዋው ስር የሚወጣው፣ «ፈቅዕ» ብለው ከሩዝ ጋር የሚሠሩት፣ ድንች የመሰለው ማለት ነው።

በቪዲዮው ላይ ያለችው ትንሽ ጠርሙስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትሩፍል ነክቷት አያውቅም። ሽታው የሚመጣው 2፣4 ዳይቲያፔንቴን ከሚባል ሰልፈር ያለው ንጥረ ነገር ነው። ነጭ ትሩፍል ውስጥ በተፈጥሮ አለ፤ ለገበያ ግን በላብራቶሪ ተሠርቶ ዘይት ላይ ጠብ ይደረጋል። መርዝ አይደለም፤ መድኃኒትም አይደለም። ሽቶ የተጨመረበት ዘይት ነው በቃ። ዱባይ ያለ ዘመድ ካመጣላችሁ ተጠቀሙበት፣ ብላችሁ ብላችሁ ግን ለእሱ ብር አታውጡ።

ደስ የሚለው፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታም ከሰልፈር ነው። ፍሬው ሳይነካ እምብዛም አይሸትም፤ ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ነው ተለያይተው የተቀመጡት ነገሮች ተገናኝተው አሊሲን የሚባለውን የሚሠሩት። ስለዚህ ወቅጣችሁ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ከዚያ በለስላሳ እሳት አሙቁት። በኃይለኛ እሳት ካሳረራችሁት ይመራል፤ ያኔ ትሩፍልም አያድነው።

የዚያን የመሬት መሬት የሚል ጣዕም የፈለገ ሰው ደግሞ የለማ እንጉዳይ ይጠቀም፤ ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉትና ውኃው ጨርሶ እስኪደርቅና ቡናማ እስኪሆን በቅቤ ጥበሱት። ትሩፍል አይሆንም፣ ግን ያጠግባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቁጣ ልናገር። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ የሚበቅለውን የጅብ ጥላ ለቅማችሁ «ይሄም ያው ነው» እንዳትሉ! ጉበት የሚያጠፋው ዓይነት ሲበላ ይጣፍጣል። ማስታወክና ተቅማጡ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነው። ከዚያ ሰውየው የተሻለው ይመስልና ጉበቱ ይወድቃል። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።

ወደ ዳቦው። ለ4 ትንንሽ ዳቦ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤና 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት (4 ራስ አላልኩም!) ይበቃል። ጨው ቁንጥር። ከደጋ የመጣ ጦስኝ ካለ ደረቁን በእጃችሁ ፈርክሱበት፤ ለእኔ ከፓርስሊው ይበልጥብኛል። ዳቦው የትናንት ቢሆን ይመረጣል፣ ትኩሱ ቅቤውን ጠጥቶ ይላቁጣል። የፎገራ ሰው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ለእንጀራ እንደሚቀላቅል አውቃለሁ። ለዳቦም ይሆናል፣ ግን ሩዝ ሊጡን የሚለጥጠው ግሉተን የለውም፤ ከአምስት እጅ አንዱን ሩዝ፣ አራቱን ስንዴ ብታደርጉት ይነፋል፣ ሲጠበስም ጠርዙ ይንኮሻኮሻል።

የፎገራ ላም ወተት ያለበት አገር ስለሆነ ለጋ ቅቤ አይጠፋም። ግን ካልፈላ ወተት የወጣ ቅቤ ብሩሴሎሲስ ሊያመጣ ይችላል፤ ወራት የሚያመላልስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንጥሩት። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ሽታውን ይወርሰዋል፤ ሳይቀመም የነጠረ ይሻላል። ቅቤው ሲግል እሳቱን ቀንሱና የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት አንድ ሁለት ደቂቃ አሽቱት፣ አውርዱት፣ የተሰነጠቀውን ዳቦ ቀቡት። ኦቨን የለም? ምጣድ አለ። መጠነኛ ሙቀት ላይ አስቀምጡና አክንባሎ ክደኑበት፣ ስሩ ቡናማ ሲሆን ይወጣል። እሷ ቁርስ ቤት ውስጥ 10 ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

አሁን ብልቃጧ።

ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ነው የሚወጣው፣ አፈር ውስጥ ደግሞ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ዘር አለ። ይሄ ዘር ተኝቶ ይኖራል፤ አየር ባለበት አይነቃም። እኛ ዝም ብለን ብንበላው እንኳ አዋቂን ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርግም። እንዲነቃ የሚፈልገው አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለው፣ አሲድ የሌለበትና ሞቅ ያለ ቦታ ነው። እስቲ አስቡት፦ ዘይቱ አየሩን ይዘጋል። የነጭ ሽንኩርቱ ፍሬ ውኃ አለው፣ አሲዱ ደካማ ነው። መደርደሪያው ደግሞ የፎገራ ሙቀት አለበት። ፈልገን ብናዘጋጅለት እንኳ ከዚህ የተሻለ ቤት አንሠራለትም። ሲነቃ የሚያመነጨው መርዝ በሳይንስ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ ኃይለኛው ነው። በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል።

ክፋቱ፣ ዘይቱ ላይሸት፣ ላይቀየር ይችላል። «ሽታው ግሩም ሆኗል» ያለችው ልክ ናት፤ ግን ሽታ እዚህ ምስክር አይሆንም።

ይሄ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። በ1985 (በፈረንጆች) ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት የተመገቡ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመዋል፤ ምንጩ ፍሪጅ ውስጥ ሳይገባ የቆየ በዘይት ውስጥ ያለ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ብዙዎቹ በመጀመሪያ በሽታቸው ሌላ ተብሎ ነበር። በ1989 ደግሞ አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት ኪንግስተን ውስጥ 3 ሰዎች ታመሙ፤ የበሉት ምን መሰላችሁ? የነጭ ሽንኩርት ዳቦ። በዘይት ከተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት የተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ ያለ ምርት አሲድ ወይም ባክቴሪያውን የሚገታ ነገር ሳይጨመርበት እንዳይሸጥ ያደረገው። በሱቅ የምታዩት በሕጉ የተሠራ የነጭ ሽንኩርት ጣሳ ከቤታችሁ ብልቃጥ የሚለየው በዚህ ነው። እቤት ሎሚ ጠብ ማድረግ ያንን አይተካም፤ አሲዱ ፍሬው ውስጥ በበቂ ሁኔታ መግባቱን በምን ታውቃላችሁ?

«አፍልቼ ባስቀምጠውስ?» የሚል ይመጣል። ዘሩ በተራ መፍላት አይሞትም፤ 121 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት ሙቀት ይፈልጋል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲያውም መፍላት ሌላውን ባክቴሪያ ገድሎ ለእሱ ቦታውን ያስለቅቅለታል።

ታዲያ እናቶቻችን ነጭ ሽንኩርት እያስገቡ ያነጠሩት ቅቤ ለምን ወራት ይቆያል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲነጠር ውኃው ተንኖ ያልቃል፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝቃጩ ደግሞ ተጠልሎ ይወጣል። ውኃ ከሌለ ዘሩ አይነቃም። የሚከላከለው ቅቤነቱ ሳይሆን ድርቀቱና መጠለሉ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ ቀዝቃዛ ቅቤ ላይ ካሻችሁና ካስቀመጣችሁት ግን ያው የብልቃጧ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ለቁርስ ቤቷም ለእኛም፦ የዕለቱን ለዕለቱ አዘጋጁ። ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዩት። በደንብ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ያለው ሰው ቢበዛ 4 ቀን፤ ማቀዝቀዣው በረዶ የሚሠራ ከሆነ በትንንሹ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት፣ ወራት ይቆያል። መብራት ከ4 ሰዓት በላይ ከጠፋ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ድፉት። ነጭ ሽንኩርት ርካሽ ነው ባልልም፣ ከአልጋ ቀን ይረክሳል።

ምልክቱን ያዙልኝ። ከበሉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዴም ቀናት ዘግይቶ ይጀምራል። የዓይን ቆብ ይከብዳል፣ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያቅታል። ከዚያ ድካሙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፦ አንገት፣ ክንድ፣ ደረት፣ እግር። ትኩሳት የለም፤ አእምሮው ንጹሕ ነው። ሰው «ጠጥቷል» ወይም «ለክፎት ነው» ሊለው ይችላል። አንድ ቤት የበሉ ሁለት ሰዎች እንዲህ ከሆኑማ አትጠራጠሩ። ጠበል እናድርስ፣ ነገ እናየዋለን ማለት አያዋጣም፣ መተንፈሻው ጡንቻ ነው የሚቆመው። ወዲያው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር። የበላችሁትን በስሙ ተናገሩ፤ «ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት በልቷል» የምትለዋ ቃል ሐኪሙን የቀናት ፍለጋ ታድነዋለች። ፀረ መርዙ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ቀድሞ ሲሰጥ ነው የሚረዳውም፣ ምክንያቱም የያዘውን ነርቭ አያስለቅቅም።

ለጠየቃችሁኝ ሌሎች ነገሮች ባጭሩ። የደም ግፊት ያለባችሁ ብሉ፣ ግን በነጭ ሽንኩርት ተማምናችሁ ክኒናችሁን እንዳታቆሙ፤ ጨውም ዳቦው ውስጥ ቀድሞ እንዳለ አስቡት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ግማሹን በዘይት ይተካ። ቃርና ጨጓራ ያለባችሁ ማታ ተዉት። ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ምግብ ላይ ያለው መጠን ብዙም አያሰጋም፤ በየጠዋቱ ብዙ ጥሬ ፍሬ መዋጥ ወይም የነጭ ሽንኩርት ካፕሱል መጀመር ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ የደም ማቅጠኛ ክትትል የምታደርጉበትን ሐኪም አማክሩ።