ስለ አንዲት የባሕር ልጃገረድ መጽሐፍና እርማቸው ስላልወጣ ሙታን

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ልብ ወለድ፣ ያውም ለወጣቶች ስለ ተጻፈ የምናብ ልብ ወለድ ስንጽፍ ቅር የሚላቸው ወንድሞችና እህቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ፍጡር ለእኛ ምናችን ናት? ይህ የፈረንጅ ልጆች ማስተኛ ነው» ይባል ይሆናል። ስለ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ከሆነ አባባሉ እውነትነት አለው። የናይጄሪያና የዌልስ ተወላጅ የሆነችው ናታሻ ቦወን በ2021 ያሳተመችው «ስኪን ኦቭ ዘ ሲ»፣ በቋንቋችን «የባሕር ቆዳ» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ ግን ከእነዚያ አይቆጠርም። በተረት ልብስ ተሸፍኖ የሚያነሣው ጥያቄ ባሕር የበላውን ሰው ማን ይቀብረዋል የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ባሕር ልጃገረድ ሲነሣ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1837 ያወጣውን ተረት፣ ወይም ከዚያ የተወሰደውን የካርቱን ፊልም ነው። ፊልሙ በሠርግ ያልቃል፤ ተረቱ ግን እንዲያ አይደለም። በአንደርሰን ተረት የባሕር ሰዎች 300 ዓመት ይኖራሉ፤ ሲሞቱ ግን የማትሞት ነፍስ ስለሌላቸው የባሕር አረፋ ሆነው ይቀራሉ። ልጅቱ ምላሷን አስቆርጣ፣ በተራመደች ቁጥር በስለት ላይ የቆመች ያህል የሚያሠቃያትን እግር የምትቀበለው ለልዑሉ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ነፍስ ለማግኘትም ጭምር ነው። ነፍስ የሰው ሀብት ናት፤ የባሕር ልጅ ደግሞ ለማኝዋ ናት።

ቦወን ይህን ነገር ገልብጣዋለች። ታሪኩ የሚፈጸመው በ15ኛው መቶ ዓመት፣ የአውሮፓ መርከቦች ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ሰው መጫን በጀመሩበት ዘመን ነው። ሲሚዴሌ፣ በአጭሩ ሲሚ፣ ከእነዚህ መርከቦች በአንዱ ተጭና የነበረች ልጅ ናት። ባሕር ላይ ስትጠፋ ዬሞጃ የምትባለው የዮሩባ ሕዝብ አምላክ ወደ ማሚ ዋታ፣ ማለትም ወደ ባሕር ልጃገረድ ትለውጣታለች። ሥራም ይሰጣታል፤ ይኸውም ከመርከብ ተወርውረው የሰጠሙትን እየፈለገች ነፍሳቸውን በአንገቷ ባለው ሰማያዊ ዕንቁ መሰብሰብ፣ ጸሎት ማድረስ፣ ወደ ፈጣሪያቸው ወደ ኦሎዱማሬ መሸኘት ነው። እዚህ ላይ ነፍስ የሌላት፣ ነፍስ ፍለጋ የምትንከራተት ፍጡር የለችም። ሰዎችን እንደ ዕቃ ወደ ውሃ የጣሉት የመርከቡ ሰዎች ናቸው፤ ነፍስ እንዳላቸው የምታውቀውና የምትመሰክረው የባሕሯ ልጅ ናት።

አንድ ቀን ሲሚ የምታገኘው ሬሳ ሳይሆን በሕይወት ያለ ልጅ ይሆናል። ስሙ ኮላ ነው። እሷ የታዘዘችው ለሙታን እንጂ ለሕያዋን ስላልሆነ እሱን ማዳኗ ሕግ መጣስ ይሆንባታል፤ ፈጣሪን ለመለመን ወደ የብስ ወጥታ ረጅም ጉዞ ትጀምራለች፤ ኤሹ የተባለው ተንኮለኛ አምላክም መንገዷን ያጠብባታል። እውነቱን ለመናገር የመጽሐፉ መካከል ጥድፊያ ይበዛበታል፤ ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው ሲዘለል አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል። የፍቅሩም ነገር የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አንባቢ አስቀድሞ የሚገምተው ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ግን ሊረሱ የሚችሉ አይደሉም።

ዬሞጃን ደራሲዋ አልፈጠረቻትም። በዮሩባ አገር የኦጉን ወንዝ አምላክ ናት። ሕዝቧ በሰንሰለት ታስሮ አትላንቲክን ሲሻገር አብራ ተሻግራለች፤ በብራዚል ዬማንዣ፣ በኩባ ዬማያ ተብላ እስከ ዛሬ ትጠራለች፤ በዚያም የባሕር እመቤት ሆናለች። በብራዚል በሳልቫዶር ከተማ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ 2 ቀን አያሌ ሕዝብ ነጭ ለብሶ አበባ ወደ ባሕር ይጥልላታል። የወንዝ አምላክ የባሕር አምላክ የሆነችው ሰዎቿ ባሕር ላይ ስለቀሩ ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም። የታሪክ ሊቃውንት ከመርከብ መዝገቦች አስልተው እንደሚገምቱት ወደ አትላንቲክ መርከቦች ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን ውስጥ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉት ማዶውን አላዩም። እነዚህ መቃብር የላቸውም።

ሕያው ሰው ከመርከብ ይወረወራል ወይ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መጽሐፉ ከሚያወራበት ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተፈጸመውን የዞንግን መርከብ ነገር ይመልከት። በ1781 መጨረሻ የዚህ የእንግሊዝ መርከብ ሰዎች፣ የሚጠጣ ውሃ አለቀብን ብለው፣ ከ130 በላይ አፍሪካውያንን በተለያዩ ቀናት ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ጣሉ። ከዚያም ባለቤቶቹ ለእያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ ኢንሹራንስ እንዲከፈላቸው ጠየቁ። በ1783 ጉዳዩ በለንደን ፍርድ ቤት ሲታይ ክርክሩ ስለ ካሳ ነበር እንጂ ስለ ነፍስ ግድያ አልነበረም፤ ለግድያውም ማንም አልተቀጣም። የሟቾቹን ስም የመርከቡ ሰዎች መዝግበው አላቆዩልንም።

ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? በአገራችን «እርሙን አወጣ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሬሳው ባይገኝ እንኳ የሟቹ ልብስና ፎቶግራፍ ወጥቶ፣ ሙሾ ወርዶ፣ ለቅሶ ተቀምጦ ሐዘኑ መልክ ይይዛል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው መርዶ ሲመጣ ነው። መርዶ ያልመጣለት ቤተሰብ ማልቀስም መተውም አይችልም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። አሜሪካዊቷ ምሁር ፖሊን ቦስ ይህን ዓይነቱን ሐዘን ከ1970ዎቹ ጀምራ አጥንታ ለብቻው ስም ሰጥታዋለች፤ ጠፍቶ የቀረ ሰው ሐዘን መቋጫ ስለሌለው የቤተሰቡን ኑሮ ባለበት እንደሚያቆመው አስረድታለች። እናቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

እኛ በምንማርበት በዚህ ምድር ዙሪያ ያለው ውሃም ንጹሕ አይደለም። በኦገስት 2017 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የሚጓዙ ከ120 በላይ የሶማሌና የኢትዮጵያ ስደተኞችን ደላላው ከሻብዋ ጠረፍ አጠገብ በግድ ወደ ባሕር እንዳስወረዳቸው፣ ወደ 50 የሚሆኑትም ሳይሰጥሙ እንዳልቀሩ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታውቋል። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ገደማ ነበር። ይህም ማለት መጽሐፉ ከተጻፈላቸው ወጣቶች ጋር እኩዮች ናቸው። የድርጅቱ ሠራተኞች ከሟቾቹ 29 ያህሉን በባሕሩ ዳር ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተቀብረው አገኟቸው፤ የቀበሯቸው ከሞት የተረፉት ጓደኞቻቸው ነበሩ።

ሲሚ የምትሠራውን ሥራ በእውኑ ዓለም የሚሠራ ሰው መኖሩን የሕክምና ተማሪዎች እንደ መሆናችን ሳንናገር አናልፍም። የሰጠመ ሰው አስከሬን በሞቃት ውሃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ በጥልቅና ቀዝቃዛ ውሃ ግን ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። ፊት ቶሎ ይበላሻል፤ ጥርስ፣ የቆየ ስብራት፣ ጠባሳ፣ በመጨረሻም ከአጥንት የሚወሰድ ዲ.ኤን.ኤ. ይቀራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ከሌላ ነገር ጋር ሲመሳከር ነው፤ ከእናት ወይም ከወንድም ጉንጭ የተወሰደ ናሙና ከሌለ የሟቹ ዲ.ኤን.ኤ. ባለቤት የሌለው ደብዳቤ ነው።

በኤፕሪል 18 ቀን 2015 በሊቢያና በጣሊያን መካከል ብዙ መቶ ስደተኞችን ይዛ የሰጠመችውን ጀልባ የጣሊያን ባሕር ኃይል በ2016 ከ370 ሜትር ያህል ጥልቀት አወጣት። አስከሬኖቹን የመመርመሩን ሥራ ከመሩት ሐኪሞች አንዷ የሚላኖ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲና ካታኔዎ ነበሩ። በብዙ አገር ለማይታወቅ ስደተኛ የማይደከመውን ድካም ደክመው ኪስ በኪስ፣ ስፌት በስፌት ፈተሹ። ከማሊ የመጣ የ14 ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ልብስ ውስጥ ተሰፍቶ ያገኙት ወረቀት የትምህርት ቤት ውጤት ካርዱ ነበር። የውጤት ካርድ ይዞ ባሕር የሚገባ ልጅ ምን ተስፋ አድርጎ እንደነበር ከዚህ መጽሔት አንባቢ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የሲሚ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል «ሶል ኦቭ ዘ ዲፕ» በሚል ርዕስ በ2022 ወጥቷል። የመጀመሪያውን ክፍል ማንበብ የሚሻ አባል ከማኅበሩ የመጻሕፍት ኃላፊ ሊዋስ ይችላል። ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይዘገይ፣ ጠርዙም እንዳይታጠፍ አደራ እንላለን።