ጣውላና የክፍሉ አየር

በጥር የተሠራ መሳቢያ ሐምሌ ሲገባ ይነክሳል፤ በሁለት እጅ ቢጎትቱትም እሺ አይልም። ባለቤቱ አናጺውን ያማል፣ አናጺው ደግሞ እንጨቱን።

እንጨት ተልጎ፣ ቬርኒሽ ተቀብቶም ከአየር ውሃ መውሰዱንና መመለሱን አይተውም። ቬርኒሹ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ በሆነበት ክፍል የሰነበተ ጣውላ ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ አየሩ 80 ሲደርስ ወደ 16 ይጠጋል። የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ያለው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በበጋና በክረምት መካከል በሚሊሜትሮች ይለያያል። መሳቢያ ለመቀርቀር ይህ ይበቃዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን መሥሪያ ላደረገ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ እርጥበት መለኪያ ነው። ርካሾቹ ግን ይዋሻሉ። መፈተኛቸው ጓዳ ውስጥ አለ፦ በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርጎ፣ ሳይሟሟ ጭቃ እስኪመስል ድረስ በጥቂት ውሃ ማራስ፤ ከዚያ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ከድኖ ማሳደር። በነጋታው መለኪያው 75 ማለት አለበት። 70 ካለ፣ በዚያ አካባቢ 5 እየደመሩ ማንበብ ነው።

ቀጥሎ የእርጥበቱን መግቢያ መፈለግ። ከመሬት የሚሰርግ ሲሚንቶ ወለል ላይ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ጣውላው በሞራሌ ላይ ከፍ ብሎ፣ በየመሐሉ አየር እንዲያልፍ ይደረደራል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣራ በቀዝቃዛ ሌሊት ከሥሩ ያልበዋል፣ ጠብታውም መሮና መላጊያ ላይ ያርፋል፤ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ክፍሉን ላድርቅ ብሎ ጭስ መውጫ የሌለው የጋዝ ምድጃ ማንደድ ደግሞ ጉዳዩን ያብሳል፦ ጋዝ ሲቃጠል ራሱ የውሃ ተን ያወጣል። የመታፈን አደጋውም አለ።

እርጥበት መጣጭ ማሽን ይረዳል፤ ግን በብዛት የሚሸጠው ዓይነት እንደ ፍሪጅ በኮምፕሬሰር የሚሠራ ስለሆነ በብርድ ይዳከማል፣ የክረምት ሌሊታችን ደግሞ ብርድ ነው። እኔ ብጠየቅ ከማሽኑ በፊት ለመገጣጠሚያው አስባለሁ። የቁም ሳጥን በር መሐል የሚገባው ሰፊ ጣውላ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጥ፤ የጠረጴዛ ፊት የሚያዝበት የብሎን ቀዳዳም በጣውላው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ ይሁን።