15 ቁጥርና 1 ቁጥር

በኅዳር የሱሉልታ ጠዋት ቀልድ አያውቅም። ቡራዩ ካለው ጋራዣችን በስልክ ተጠርቼ የሄድኩት የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቮልስ አልነሳ ብላ ነው። "ሞተሪኖው ያዞራል፣ ግን እስክትነሳ ባትሪው ያልቃል" አሉኝ። የኋላውን ኮፈን ስከፍት የቾኩ ገመድ ተቆርጧል። አየሩን የምትዘጋዋ ምላስ ደግሞ እንዳትዘጋ በቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ ተጎትታ ታስራለች።

"ማን አሰራት ጋሼ?"

"መካኒክ ነው። ቾክ ለኛ አገር አይሆንም ብሎኝ።"

አልሳቅሁም፤ እኔም ሥራ ስጀምር ስንቱን ቾክ ቆርጫለሁ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተሠራ ካርቡራተር እኛ ጋ ሲመጣ ቤንዚኑ በራሱ ይበዛበታል። በዚያ ላይ ቾኩ ሳይከፈት ከቀረ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ቤንዚን የሸተተ ዘይት ይከተላል። ብርድ ጠዋት ላይ ግን ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፤ ያኔ ለደቂቃ ሁለት ደቂቃ ቾክ የግድ ነው። የሚያስፈልገን ቶሎ የሚከፈት ቾክ እንጂ የታሰረ አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ብርዳቸው ግን ገና አልተዋሃደም፤ የሱሉልታው ይብሳል።

የተቆረጠው ገመድ ቁራጭ ኮይሉ ላይ ቀርቶ ነበር። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ የታሰረው 1 ቁጥር ላይ ነው። ኮይሉ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል። 15 ቁልፍ ሲከፈት መብራት የሚመጣበት፣ 1 ደግሞ ወደ ፑንቲናው የሚሄድ። ቾኩን አሙቆ የሚከፍተው ማሞቂያ በሌላኛው ጫፉ በካርቡራተሩ በኩል ከቦዲው ጋር ተገናኝቷል። 1 ቁጥር ላይ ሲታሰር ፑንቲናው ቢከፈትም መብራቱ በቾኩ በኩል ማለፉን አያቆምም፤ ኮይሉ ድንገት ካልተቋረጠበት ደግሞ ጠንካራ እሳት አይሰጥም። ገመዱ ሲነቀል መኪናዋ ተሽሏት ነበር ማለት ነው፤ መካኒኩም ጥፋቱን በቾኩ ላይ ጫነና ቆረጠው። አልፈርድበትም።

ከካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ክብ ክዳን ፈታሁ። ውስጧ እንደ ሰዓት ስፕሪንግ የተጠቀለለ ስስ ብረት አለ፤ ሲሞቅ ይፈታና ምላሷን ይከፍታል። ክዳኗ ላይ 12 ይላል፤ ደግ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ባለ 6ቱን ክዳን 12 ቮልት ላይ ያሰረ ሰው አራት እጥፍ ሙቀት ይለቅበታል፤ እጥፍ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። በተገላቢጦሹ ሩብ ሙቀት ብቻ ያገኝና ቾኩ እስኪከፈት ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ ይደርሳል።

አዲስ ገመድ ከ15 አውጥቼ መሐሉ ላይ ፊውዝ አስገባሁ። ከባትሪው በቀጥታ የሚስቡ አሉ፤ መኪናዋ ቆማም ስታድር ሲሞቅ ያድራል፣ ጠዋት ባትሪም ቾክም የለም። ክዳኗን ስመልስ የስፕሪንጉን ጫፍ ከመንጠቆው ጋር አያያዝኩ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲፈትሽ ይውላል። ሦስቱን ብሎኖች ሳላጠብቅ ክዳኗን ከመሐል ምልክቱ ትንሽ ወደሚከፍተው በኩል አዞርኩ፤ ለከፍታው።

"አሁን ቤንዚኑን አንዴ ብቻ ረግጠው ይልቀቁ፤ ከዚያ ቁልፉን።"

"አባቴ አምስቴ ነበር የሚረግጠው" አሉ። አንዴ ረገጡ። ተነሳች፤ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ቆየ፣ ምላሷም በዝግታ ትከፈት ጀመር። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቀጥ ብላ ቆመች። ቁልፍ ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ እንዳይቀመጡ ነገርኳቸው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ቾኩ ብቻውን ሞቆ ይከፈታል።

ሞተሩ እየሠራ ወሬ ያዝን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስ ሲወሰዱ ያቺ መኪና በስንተኛው ተነስታ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። እንጃ፤ ብቻ መስከረም እንደ ኅዳር አይበርድም።

ስሰናበታቸው ምላሷ የታሰረችባትን ሽቦ ልጥላት ብዬ ነበር። ከእጄ ተቀብለው ጠቀለሏትና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት።