ኳስ ሲያዝና ኳስ ሲጠፋ፦ የአንድ ቡድን ሁለት አሰላለፎች



ለብዙ ዓመታት በሰጠሁት ትምህርት ውስጥ አንድ ስሕተት ነበር። ሰሌዳው ላይ 4-4-2 ወይም 4-3-3 ብዬ እጽፍና «የቡድኑ አሰላለፍ ይህ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «መምህር፣ በየትኛው ደቂቃ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

የመጫወቻ ሜዳው 105 በ68 ሜትር ነው። ኳስ የያዘ ቡድን ይህን ስፋት ሊጠቀምበት፣ ኳስ ያጣ ቡድን ደግሞ ሊያጠብበው ይሻል። ሁለቱ ፍላጎቶች ተቃራኒዎች ስለሆኑ፣ በአንድ አቋቋም ሁለቱንም ማሟላት አይቻልም። ተመልካች በቴሌቪዥን መስኮት የሚያየው ቁጥር እንግዲህ የመነሻ ሥዕል ብቻ ነው፤ ዳኛው ፊሽካውን ከነፋ በኋላ ሥዕሉ ይፈርሳል።

ነገሩን በምሳሌ ልግለጸው። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2023 ማንቸስተር ሲቲ ከኢንተር ሚላን ጋር በኢስታንቡል ያደረገውን የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። የሲሞኔ ኢንዛጊ ኢንተር በ3-5-2 ነበር የተሰለፈው። ኳስ ሲያጣ ሁለቱ የመስመር ተጫዋቾቹ ወደ ኋላ ይመለሱና አሰላለፉ 5-3-2 ይሆናል። የፔፕ ጋርዲዮላ ሲቲ ደግሞ ኳስ ሲያጣ አራት ተከላካዮች ይኖሩታል፤ ኳስ ሲይዝ ግን ጆን ስቶንስ ከተከላካዮቹ መስመር ወጥቶ ከሮድሪ ጎን፣ አንዳንዴም ከእርሱ ቀድሞ ይቆማል። ኋላ የሚቀሩት አካንጂ፣ ዲያስና አኬ ናቸው። አሰላለፉ 3-2-4-1 ሆነ ማለት ነው።

እስቲ እንቁጠር። ሁለቱን የኢንተር አጥቂዎች ሦስት የሲቲ ተከላካዮች ይገጥሟቸዋል፤ አንድ ሰው ትርፍ አለ። መሐል ሜዳ ላይ ሦስቱን የኢንተር አማካዮች ስቶንስ፣ ሮድሪ፣ ደ ብራይነና ጉንዶጋን ይገጥሟቸዋል፤ እዚህም አንድ ትርፍ አለ። ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ? ከፊት ነው የመጣው። ሃላንድና ሁለቱ የመስመር ተጫዋቾች፣ ቤርናርዶ ሲልቫና ግሪሊሽ፣ ሦስት ሆነው አምስት ተከላካዮችን ይጋፈጣሉ። ገበጣ የተጫወተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጠጠሮቹ አይጨምሩም፣ አንዱ ጉድጓድ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል። ግብ ጠባቂው ኳስ በማቀበል ሲሳተፍ ብቻ አንድ እውነተኛ ትርፍ ሰው ይገኛል።

ብዙ ተንታኞች ቆጠራውን እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ሲቲ በዚህ አቋቋም እያጠቃ ሳለ ኳሱ ቢነጠቅ፣ ሦስቱ ተከላካዮችና ከፊታቸው ያሉት ሁለቱ አማካዮች አስቀድመው በቦታቸው ቆመዋል። ማጥቂያው አቋቋም በዚያው ቅጽበት መከላከያም ነው። ስቶንስ ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ የሚሮጠው ርቀትም አጭር ነው፤ መስመሩን ይዞ እስከ ተጋጣሚ የማዕዘን ባንዲራ የሚሄድ ተከላካይ ግን ኳስ ሲጠፋ ከሜዳው እኩሌታ በላይ ወደ ኋላ መሮጥ ይጠበቅበታል። ስቶንስ ወደ መሐል መግባቱ ለውበት የተደረገ ይመስለን ይሆናል፤ እኔ ግን የጥንቃቄ ሥራ አድርጌ ነው የማየው።

ደ ብራይነ በ36ኛው ደቂቃ በጉዳት ወጥቶ ፎደን ሲተካው የአቋቋሙ ሐሳብ አልተለወጠም። በ68ኛው ደቂቃ አካንጂ ከኋላ ኳስ ይዞ ወጥቶ ለቤርናርዶ ሲልቫ አቀበለ፤ ሲልቫ ወደ ኋላ የመለሰው ኳስ ተጨርፎ ሮድሪ ዘንድ ደረሰና ግብ ሆነ። ልብ በሉ፤ ኳሱን ወደ ፊት የወሰደው ተከላካይ ነው፣ ያስቆጠረውም ለዘብነት የቆመው ሰው ነው። ዘቡ ሲዘምት ደግሞ በሩ ሳስቶ ይቀራል፤ አሠልጣኙ ይህን ዋጋ አስቦ መክፈል አለበት።

በዚህም ቢሆን ሲቲ ከአደጋ አልራቀም። ከግቡ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዲማርኮ በጭንቅላት የገጨው ኳስ አግዳሚውን መታ፤ በማብቂያው አካባቢም ሉካኩ ከቅርብ የገጨውን ኤደርሰን አዳነው። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ እንጂ አቻ ሊሆን ይችል ነበር፤ ያኔ ዛሬ ስለዚህ አሰላለፍ የምንናገረው በሌላ ድምፅ በሆነ!

ከእናንተ መካከል ነገ ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ አላችሁ። ተከላካይን ወደ መሐል መላክ ፋሽን ሆኗልና፣ ልምምድ ላይ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ግባ!» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ «ኳሱ ቢነጠቅ ማን ይሸፍንልሃል?» ሲባል ግን የምሰማው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ልጁ ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳስ መቀበል ገና አልለመደም፤ ይነጠቃል፣ ግብ ይቆጠራል፣ ተወቃሹም እርሱ ይሆናል። ወቀሳው የሚገባው አቋቋሙን ግማሹን ብቻ ለቀዳው አሠልጣኝ ነው።

አሁን የ68ኛውን ደቂቃ ምስል እናያለን። በመጀመሪያው ዙር ኳሱን አትከተሉ፤ ሮድሪ ወደ ፊት መራመድ ሲጀምር ከኋላው ማን እንደቀረ ቁጠሩልኝ።