ካላ-አዛር፣ ተጓዡ ወጣት ሠራተኛና የምርምር ገንዘብ

በየክረምቱ ከደጋ ወረዳዎች የሚነሱ ወጣቶች ለሰሊጥና ለጥጥ አረም፣ ቀጥሎም ለአጨዳ፣ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት ላይ ሜዳ ሲያድሩ የአሸዋ ዝንብ ለምታስተላልፈው ካላ-አዛር ይጋለጣሉ። ሕክምና ካላገኘ የሚገድለው ይህ በሽታ ምልክቱን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው የሚገኘው ከእርሻው ሳይሆን ከትውልድ ቀበሌው ነው። በዚያ ያለ ባለሙያ የተራዘመ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ አይቶ ወባን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የተረጋገጠው ወረርሽኝም አስቀድሞ እንደ ወባ ታክሟል። በሽታውን ወደ ደጋው ያመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይገመታል። ስለዚህ «መተማ ወይም ሁመራ ሠርተህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ከደም ምርመራው ይቀድማል።

ለዶክትሬት ጥናት የሚመደበው ገንዘብም ይህንኑ ጉዞ ሊከተል ይገባዋል። ሕክምናው በሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና በፓሮሞማይሲን ጥምረት ሲሰጥ 17 ቀን ይፈጃል፤ መዳኑ የሚረጋገጠው ግን በ6ኛው ወር ነው። ያን ጊዜ ወጣቱ መተማ የለም። በእኔ አስተያየት የመጓጓዣና የስልክ ወጪ ያልያዘ በጀት የሚቆጥረው ጤና ተቋም የደረሱትን ብቻ ነው። የቀን ደመወዛቸው እንዳይቀርባቸው ሲሉ ታመው የሚያርሙት ከመዝገቡ ውጭ ይቀራሉ።