እንጨቱ አልተሰበረም

የሠራሁት አግዳሚ ተመልሶ ሲመጣ አንዲት ቪቴ እንኳ አልላላችም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በቤቴ ጋራዥ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ቆምኩበት፣ ዘለልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። የተጎዳው የሰውዬው ክንድ ነው። እሱና ሚስቱ ያዘዙኝ ለመኝታ ቤታቸው ነበር፤ በፈቃዳቸው እየተሳሰሩ የሚጫወቱበት፣ ለእንግዳ ዓይን ግን ቁጭ ብለው ጫማ የሚያስሩበት ተራ መቀመጫ የሚመስል። (ማፈሩን የተውኩት ድሮ ነው። አልጋ ሠሪ አልጋው ላይ ምን ሊደረግ ነው ብሎ አይጠይቅም።) ክንዱ ጠርዙ ላይ እንደተጫነ ብዙ ቆየ፤ ሲፈታ እጁ ከአንጓው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ቀና ማድረግ አቃተው። እስኪድን ሳምንታት ፈጀ። ያንን ጠርዝ በፒያላ ስል አድርጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምሮልኝ ፎቶ ሁሉ አንሥቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደንበኛም ያው "ስንት ኪሎ ይችላል?" አለኝ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ጣውላው ይወፍር፣ ብሎኑ ይወፍር። ኧረ እንጨት ከመሰበሩ በፊት ሰው ይሰበራል! የላይኛው ክንድ አጥንት ላይ ተጠምጥሞ የሚወርድ ነርቭ አለ፤ ጠጥቶ ክንዱን የወንበር መደገፊያ ላይ ጥሎ ያደረ ሰው ጠዋት እጁ የሚከዳው በዚያ ነው። የታሰረ ሰው ደግሞ እንደተኛ ሰው ተገላብጦ ራሱን አያድንም። ጣት መደንዘዝ ከጀመረ መፍታት ነው፤ "ትንሽ ቆይ" የሚባል ነገር የለም።

"ታዲያ ስፖንጅ አድርግበታ" ይሉኛል። ለስላሳው ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ በጣት ሲጫኑት ደስ ይላል፤ 70 ኪሎ ሲያርፍበት ተጨፍልቆ ከእንጨቱ ጋር ያገናኛችኋል። የምፈልገው ጠጠር ያለውን፣ 5 ሴንቲ ያህል ውፍረት ያለውን ነው፤ ከሥሩም ጠርዙ ክብ ይሁን። ጠፍር አልጋ ላይ ያደገ ሰው ይህን አያጣውም። ጠፍሩ ረገብ እያለ ገላን ይከተላል እንጂ አይፋለምም።

ስለ ጥንካሬ ካነሣን አይቀር፣ ቺፕውድ ላይ የተነከሰ ቪቴ ሰው ሲወራጭበት ተነቅሎ ይመጣል። ብሎኑ ደህና እንጨት በስቶ ይለፍ፤ ከኋላ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ይያዘው። አለቀ።

ከሁሉ የሚያደክመኝ የመደበቅ ነገር ነው። አማት እንዳታይ፣ ቤት የምታጸዳዋ እንዳታይ ብለው ማሰሪያው የሚያያዝበትን ቀለበት ከመቀመጫው ሥር በቁልፍ ፈትተው ብቻ የሚደርሱበት ቦታ እንድቀብረው ይፈልጋሉ። ከእንግዳ ይደበቅ፤ ከሚፈታው እጅ ግን ለምን? ተራራ ወጪዎች የሚይዙት ካራቢነር ጥሩ ብረት ነው፤ ክብደት ከተንጠለጠለበት ግን ለመክፈት ያስቸግራል። እኔ የምገጥመው ፈረሰኞች የሚጠቀሙበትን ማያያዣ ነው፤ ፈረሱ እየጎተተም ይለቃል። ከመቀመጫው ጎን ደግሞ ትንሽ መሳቢያ አለች፤ ውስጧ የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚይዙት፣ አፉ ድልዱም፣ የመኪና ቀበቶ ሳይቀር የሚቆርጥ መቀስ አስቀምጣለሁ። የመሳቢያዋን ሒሳብ አልጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት አንዱ መሳቢያዋ ቁልፍ ይኑራት አለኝ።

"ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?"

"እኔ ጋ።"

የሚታሰረውስ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። እሱ ራሱ ነው።