የኔትወርክ ዲግሪ ለሞርሲቶ ምን ይሠራል?

በሚሻ ወረዳ መቀመጫ በሞርሲቶም ሆነ በሆሳዕና «ሲስተም የለም» ሲባል ባለጉዳይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ መልስ ጀርባ ግን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ብልሽቶች አሉ፦ ገመድ ተቆርጦ ይሆናል፣ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ አይፒ አድራሻ ይዘው ይሆናል፣ ዲኤንኤሱ ቆሞ ይሆናል፣ አለዚያም ችግሩ ከከተማው ውጭ ባለው መስመር ላይ ነው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ነው የኔትወርክ ትምህርት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ሥር ነው፤ ለሞርሲቶ ልጅ ቅርቡ ሆሳዕና ያለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት።

«ለዚህ ዓመታት ከማጥፋት አጭር ኮርስ ወስዶ ሲሲኤንኤ የተባለውን የኔትወርክ ምስክር ወረቀት መያዝ አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ለመቀጠር ይረዳል፤ አልክድም። ነገር ግን ያ ምስክር ወረቀት ካልታደሰ በ3 ዓመት ያበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተደነገገው አይፒ ስሪት 4 ግን ዛሬም እየሠራ ነው። ዲግሪው ዋጋ የሚኖረው ተማሪዎች «ንድፈ ሐሳብ ብቻ» እያሉ በሚያማርሩበት ክፍሉ ነው። የወረዳኔትን ጉዳይ እንውሰድ፤ መንግሥት ወረዳዎችን ለማገናኘት በዘረጋው በዚህ መረብ ብዙ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል፤ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ጥያቄ ልኮ መልስ ለመቀበል ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ባንድዊድዝ ቢጨመር ይህ መዘግየት አይቀንስም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ በመንግሥት ገንዘብ የማይፈውስ መድኃኒት ይገዛል።

የመሣሪያ እጥረት ሌላው ተቃውሞ ነው፤ እውነትም ነው። ፓኬት ትሬሰር የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አንዴ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ራውተርና ስዊች ያስለማምዳል፤ ገመድ መግጠምን ግን አያስተምርም፤ በዚህ በኩል ከቴክኒክና ሙያ የወጣው ይበልጣል። «ሥራው ያለው አዲስ አበባ ነው» የሚለው ግን እየደከመ መጥቷል። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ከተመሠረተ ወዲህ ሆሳዕና የክልል ቢሮዎች መቀመጫ ናት። በወረዳም ቢሆን የሚወሰን ነገር አይጠፋም፦ የመዳብ የኔትወርክ ገመድ በደረጃው ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ከዚያ የራቁ ሁለት ሕንጻዎችን ለማገናኘት ፋይበር ይዘርጋ ወይስ መሃል ላይ ስዊች ይቀመጥ የሚለው ግዥው ከመጽደቁ በፊት መልስ ይፈልጋል።